መልስ የማይቀበል መልእክት

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በሚለቀቅበት ምሽት ከተማ ያለው ተማሪ የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎትን ድረ ገጽ ከፍቶ ይቀመጣል። ገጹ ይጨናነቃል፣ አልከፍት ይላል፤ ተማሪውም ወደ ቴሌግራም ቦቱ ይዞራል። ከወረዳ ከተማው አልፎ ገጠር ያለው፣ ኢንተርኔት የማያወጣ ባለ ቁልፍ ስልክ የያዘው ደግሞ የመለያ ቁጥሩን ጽፎ ወደ 6284 ይልክና ይጠብቃል። ብዙ ጊዜ ስልኩ የራሱ አይደለም፤ የአባቱ ወይም የታላቅ ወንድሙ ነው፣ አንዳንዴም የጎረቤት። ስለዚህ መልሱ ሲመጣ ሦስት አራት ሰው አንገቱን ያሰግጋል። የየትምህርቱ ነጥብ ይነበባል፤ ከዚያ ስልኩ ዝም ይላል። ማለፊያውን ያላመጣው ልጅ ግን ገና ጥያቄው መጀመሩ ነው። የአቅም ማሻሻያ ፕሮግራም፣ ሰው ሁሉ ሪሚዲያል የሚለው፣ ይደርሰው ይሆን? መቁረጫ ነጥቡ ስንት ነው? ምደባውስ መቼ ይወጣል? ይህን ጽፎ ወደዚያው ቁጥር ቢልክ የሚያነብለት ሰው የለም።

ይህ የጥቂት ልጆች ችግር አይደለም። የ2014 ዓ.ም. ፈተና ውጤት በጥር 2015 ዓ.ም. ሲገለጽ ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ። ከ860 ሺህ በላይ ወጣቶች በአንድ ሌሊት ቁጥራቸውን አወቁ፤ ቁጥሩ ስለ ነገ ሕይወታቸው ምን እንደሚል ግን ከፌስቡክ ገጽ፣ ከቴሌግራም ቻናልና ከወሬ እየለቀሙ ማጣራት ነበረባቸው። ውጤትን በአጭር የጽሑፍ መልእክት መስጠት ትልቅ እርምጃ መሆኑን አልክድም፤ ትናንት ውጤት ለማየት ብሎ ቀን ሙሉ ይጓዝ የነበረ ተማሪ ዛሬ ከቤቱ ሳይወጣ ያያል። ቅሬታዬ እዚያ ላይ መቆማችን ነው። መሥሪያ ቤቶቻችን የጽሑፍ መልእክትን የያዙት እንደ አዋጅ ነጋሪ ነው፤ አደባባይ ወጥቶ ጮኾ፣ ነጋሪቱን ይዞ ይመለሳል። በሌሎች አገሮች በጥንቃቄ የተካሄዱ ሙከራዎች የሚያሳዩት ግን መልእክቱ ፍሬ የሚያፈራው ለአንድ ሰው፣ ስለ ራሱ ጉዳይ፣ በሰዓቱ ሲደርስና ከበስተኋላው መልስ የሚቀበል፣ ነገሩንም ለመፍታት ሥልጣን ያለው ሰው ሲኖር ነው።

በመጀመሪያ መሣሪያው ራሱ ምን እንደሚችል ማወቅ ይገባል። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 3 ቀን 1992 ኒል ፓፕወርዝ የተባለ ወጣት መሐንዲስ ከኮምፒውተር ወደ አንድ የቮዳፎን ኃላፊ ስልክ የገና ሰላምታ ላከ፤ የመጀመሪያው የጽሑፍ መልእክት ይኸው ነበር። መልእክቱ ዛሬም ከስልክ ወደ ስልክ በቀጥታ አይሄድም። በቴሌኮሙ የመልእክት ማዕከል ያርፋል፤ የተቀባዩ ስልክ ዝግ ከሆነ ማዕከሉ ለተወሰነ ጊዜ ይዞት ይጠብቃል፣ ስልኩ ኔትወርክ ሲያገኝ ያደርሰዋል። መብራት በሌለበት ቀበሌ፣ ስልክ ቻርጅ የሚደረገው ገበያ ተወርዶ በሆነበት አካባቢ፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የስልክ ጥሪ ያልፋል፤ የራዲዮ ማስታወቂያ ያልፋል፤ መልእክቱ ግን ተቀምጦ ይጠብቃል፣ ደግሞም ሁለት ሦስት ጊዜ ይነበባል፣ ለሌላ ሰው ይታያል። ቀኑንና ቁጥሩን በጆሮ ከመያዝ በዓይን አይቶ መገልበጥ ይሻላልና፣ የምዝገባ ቀንን ወይም የክትባት ቀጠሮን ለማድረስ ከዚህ የተሻለ ርካሽ መንገድ አላውቅም።

ፊደላችን መሰናክል ነው የሚሉ አሉ፤ ነገሩ ግማሽ እውነት ነው። አንድ መልእክት የሚይዘው 140 ባይት ነው። የላቲን ፊደል እያንዳንዱ 7 ቢት ብቻ ስለሚወስድ 160 ይገባል፤ የግዕዝ ፊደል 16 ቢት ስለሚፈልግ 70 ብቻ ይገባል። ጽሑፉ ከዚያ ሲረዝም መልእክቱ ይከፈላል፤ እያንዳንዱም ክፍል መገጣጠሚያ ምልክት ስለሚይዝ 67 ፊደል ብቻ ይቀረዋል፣ ዋጋውም በክፍሉ ልክ ይቆጠራል። በዚህ ምክንያት አማርኛውን በላቲን ፊደል የሚልኩ አሉ። ነገር ግን የእኛ አንድ ፊደል ተነባቢውንም አናባቢውንም ይዞ ስለሚሄድ 70 ፊደል ከመቶ በላይ የላቲን ፊደል የሚፈጀውን ነገር ይናገራል። "የጥሪ ቀን ጥቅምት 12 እና 13 ነው። ጥያቄ ካለዎት በዚሁ ቁጥር ይጻፉ።" ይህ ሁሉ ክፍት ቦታውና አራት ነጥቡ ተቆጥሮ 46 ብቻ ነው። በላቲን የተጻፈ አማርኛ ግን አንዱ በአንድ መንገድ፣ ሌላው በሌላ መንገድ እያነበበው ትርጉሙ ይጠፋል፤ በተለይ ትምህርቱን በአማርኛ ለተማረ ገበሬ ጨርሶ አይነበብም። ጥቂት ሳንቲም ለማትረፍ ሲባል አንባቢውን ማጣት ምን ይባላል?

አሁን ወደ ማስረጃው ልግባ። ከሁሉ አስተማሪ ሆኖ ያገኘሁት ከኬንያ የመጣው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በናይሮቢው ፑምዋኒ፣ በዚያው ከተማ በኮፕቲክ ሆስፒታልና በገጠሩ ካጂያዶ የኤችአይቪ መድኃኒት የጀመሩ 538 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ለአንደኛው ወገን በየሳምንቱ፣ ሰኞ ሰኞ፣ አንዲት ቃል ትላክለታለች፦ ማምቦ? እንዴት ነህ፣ እንዴት ነሽ እንደማለት ነው። ታካሚው በ48 ሰዓት ውስጥ ደህና ነኝ ወይም ችግር አለ ብሎ ይመልሳል። ችግር አለ ላለ፣ ደግሞም ዝም ላለ፣ ነርሷ ትደውላለች። በቃ፣ ይኸው ነው። መድኃኒትህን ዋጥ የሚል ትእዛዝ የለም፤ የበሽታው ስምም አይነሳም፤ ስለዚህ ስልኩን ባል ቢያየው፣ አከራይ ቢያየው፣ ሰላምታ ነው። ዓመቱ ሲያልቅ መድኃኒታቸውን በአግባቡ ወሰድን ያሉት መልእክት ከሚደርሳቸው መካከል 62 በመቶ፣ ከማይደርሳቸው መካከል 50 በመቶ ነበሩ። ሰው የተናገረው ብቻ አይበቃም ለሚል፣ የደም ምርመራውም ወደዚያው ያዘነብል ነበር፦ ቫይረሱ የተገታላቸው 57 በመቶ በአንዱ ወገን፣ 48 በመቶ በሌላው። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጣ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ከሁለቱ መልሶች ይልቅ ዝምታው መረጃ መሆኑ ነው። መልስ የሚጠብቅ መሥሪያ ቤት ማን እንደጠፋ ያውቃል፤ መልስ የማይጠብቅ ግን ከላከ በኋላ ሁሉም የደረሰው ይመስለዋል።

በዚያው በኬንያ፣ በምዕራቡ ክፍል፣ ሌላ ሙከራ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2011 ታትሟል። ይህኛው መልስ አይጠይቅም፤ ማስታወሻ ብቻ ይልካል። ለአንዳንዱ በየቀኑ፣ ለአንዳንዱ በየሳምንቱ። በሳምንት አንዴ የደረሳቸው ከ48 ሳምንት በኋላ 53 በመቶ ያህሉ መድኃኒታቸውን ከአሥሩ ዘጠኙን ጊዜ በትክክል ወስደው ተገኙ፤ ምንም ካልደረሳቸው መካከል ይህን ያደረጉት 40 በመቶ ነበሩ። በየቀኑ የደረሳቸው ግን ምንም ካልደረሳቸው አልተሻሉም። ይህ ውጤት የእኔን ክርክር በከፊል ይቃወማል፤ መልስ የማይቀበል መልእክትም አንዳንዴ ይሠራልና። ቢሆንም የሠራው ሲቆጠብ ነው። በየቀኑ ስልክ ሲጮኽ ሰው መስማት ያቆማል፤ የሎተሪና የሙዚቃ ማስታወቂያ በየሰዓቱ የሚወርድበት የእኛ ስልክ ባለቤት ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል።

ወደ ተማሪዎች ስንመጣ፣ አሜሪካኖች አንድ የታወቀ ችግር አላቸው። ዩኒቨርሲቲ ተቀብሎት፣ የገንዘብ ድጋፍ ተፈቅዶለት፣ ክረምቱ ሲያልቅ ግን ሳይመዘገብ የሚቀር ተማሪ ብዙ ነው፤ ይህም የሚበረታው በድሃ ቤተሰብ ልጆች ላይ ነው። ቤንጃሚን ካስልማንና ሊንድሴ ፔጅ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ክረምት ለእንዲህ ያሉ ተማሪዎች ስምንት እስከ አሥር የሚሆኑ መልእክቶች እንዲላኩ አደረጉ። መልእክቱ ይህን ቅጽ ሞልተሃል ወይ፣ የመኝታ ክፍል ጠይቀሃል ወይ ይላል፤ እርዳታ የፈለገ ከአካባቢው አማካሪ ጋር በዚያው ይገናኛል። ለአንድ ተማሪ የወጣው ወጪ 7 ዶላር ገደማ ነው። በማሳቹሴትስ ሎውረንስና ስፕሪንግፊልድ በተባሉት ከተሞች የሚመዘገቡት ተማሪዎች በመቶኛ ከሰባት ነጥብ በላይ ጨመሩ። አማካሪ በሞላበት ቦስተን ግን የተለየ ለውጥ አልታየም፤ ቀድሞውንም የሚነግረው ላለው ሰው መልእክቱ ምን ይጨምርለታል? ይህ ውጤት ብዙዎችን አስጎመጀ፤ ለምን ለመላው አገር አንልከውም ተባለ። ተላከም፤ ከ800 ሺህ በላይ ተማሪዎች ደረሳቸው። ውጤቱ ባዶ ሆነ። የቃሉ አቀማመጥ ቢለዋወጥ፣ ሰዓቱ ቢለዋወጥ፣ ከሩቅ የሚያማክር ሰው ቢጨመርም ለውጥ አልመጣም።

ተቃዋሚ ቢኖር እዚህ ላይ ይይዘኛል። መልስ ሰጪ ሰው ነው ቁም ነገሩ ካልክ፣ በትልቁ ሙከራ ውስጥ አማካሪም ነበር፤ ለምን አልሠራም? ሊለኝ ይችላል። ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ የምረዳው እንዲህ ነው፦ በትንሹ ሙከራ የሚልከው ተማሪው የሚያውቀው፣ ትምህርት ቤቱ ደጅ ያለ ድርጅት ነበር፤ መልስ የሚሰጠውም ቅጹን አብሮት ሊሞላ፣ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሊደውልለት የሚችል ሰው ነበር። በትልቁ ሙከራ ላኪው ሩቅ ነው፣ ስሙ የማይታወቅ፤ አማካሪውም ምክር እንጂ ሥልጣን የለውም። እንግዲህ መልስ ሰጪ መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ ቅርብ የሆነና ጉዳዩን የያዘ መሆን አለበት። ይህ ለእኛ ጥሩ ዜና ነው ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ርዕሰ መምህር፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ የዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር አሉን። የጎደለን መልእክቱን ከእነሱ ጋር ማያያዝ ነው።

የዩኒቨርሲቲ የጥሪ ማስታወቂያን ብቻ እንመልከት። ምደባ ከወጣ በኋላ እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ አዲስ ገቢዎቹን የሚጠራው በአብዛኛው በፌስቡክና በቴሌግራም ገጹ ነው፤ አንዳንዴም በቴሌቪዥን ያስነግራል። ማስታወቂያው የምዝገባውን ቀን ይናገራል፤ የስምንተኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የትምህርት ማስረጃ ዋናውንና ኮፒውን፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ የስፖርት ትጥቅ ያዙ ይላል። ከዚያም ቀኑ ይራዘማል፤ የመራዘሙም ዜና በዚያው ገጽ ይለጠፋል። ከዋግ ኽምራ ገጠር ወደ ጅግጅጋ የተመደበ ልጅን እናስብ። ቤተሰቡ ለመንገድ ገንዘብ አፈላልጎ፣ በግ ሸጦ፣ ልጁን በአውቶቡስ ይሰዳል፤ ጥሪው መራዘሙን የሚሰማው ግቢው በር ላይ ነው። ወይም በተቃራኒው ጥሪው አልፎት ይቀርና በዘገየ ምዝገባ ስም ሲንከራተት ይከርማል። ይህን ልጅ በ46 ፊደል ማዳን ይቻል ነበር። መልሱን የሚቀበል አንድ የሬጅስትራር ሠራተኛ ቢኖር ደግሞ "መንገድ ተዘግቶብኛል" ያለውን፣ "የስምንተኛ ክፍል ካርዴ ጠፍቷል" ያለውን፣ ጨርሶ ያልመለሰውንም ለይቶ ማወቅ ይቻላል። አሁን ግን ዩኒቨርሲቲው ስንት ተማሪ እንዳልመጣ ቢያውቅም ለምን እንዳልመጣ ማወቂያ መንገዱን በገዛ እጁ ዘግቶታል።

"ሰው ማንበብ ሳይችል ጽሑፍ መላክ ምን ይጠቅማል?" የሚለው ተቃውሞ ከሁሉ የከበደ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. ለ2017 ባወጣው አሐዝ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በላይ ከሆኑ ኢትዮጵያውያን ማንበብና መጻፍ የሚችሉት ግማሽ ያህሉ ናቸው። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2014 8028ን ሲከፍት ይህን በሚገባ ያሰበ ይመስላል። ገበሬው በነጻ ይደውላል፣ ቋንቋውን ይመርጣል፣ ስለ አዝመራው በተቀረጸ ድምፅ ይሰማል። መጀመሪያ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ ነበር፣ በኋላ ሌሎችም ተጨመሩ። ሚሊዮኖች ደውለውበታል፤ በዚህ ዘርፍ ካየናቸው ሥራዎች የተሻለው ነው ብል አላጋነንኩም። ጽሑፍ የድምፅን ቦታ ይያዝ ማለት የእኔ አቋም አይደለም። በቦትስዋና በኮቪድ ጊዜ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ የተደረገው ሙከራም ይህንኑ ይላል፦ በየሳምንቱ የሒሳብ ጥያቄ በጽሑፍ ብቻ የደረሳቸው ልጆች ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳዩም፤ በጽሑፉ ላይ 20 ደቂቃ ያህል የመምህር ስልክ የተጨመረላቸው ግን በሒሳብ ተሻሻሉ። ጽሑፍ ማስተማር አይችልም፤ ቀን ማሳወቅ፣ ማስታወስ፣ መጠየቅና ችግር ያለበትን ሰው መለየት ግን ይችላል። ከዚያ በኋላ ስልኩን ማንሳት የሰው ፈንታ ነው። ደግሞም በገጠር ቤት ማንበብ የማይችል አባት ብዙ ጊዜ ማንበብ የሚችል ልጅ አለው፤ መልእክቱ ለወላጅ ሲጻፍ ልጁ እንደሚያነብለት ታስቦ ይጻፍ።

ሌላው ተቃውሞ ዘመኑ የቴሌግራም ነው የሚል ነው። ስለ አዲስ አበባ ከሆነ እስማማለሁ። ኢትዮ ቴሌኮም ከ80 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች አሉት፤ የኢንተርኔት ተጠቃሚው ግን ከዚያ በእጅጉ ያንሳል፤ የቀሩት ደግሞ መረጃው በጣም የሚያስፈልጋቸው ናቸው። ኢንተርኔት እንደሚቋረጥም አይተናል፤ በ2009 ዓ.ም. ለፈተና ሲባል ተዘግቷል፣ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፍቷል። በእርግጥ የጽሑፍ መልእክትም ከመዘጋት አልዳነም። ከ1997ቱ ምርጫ ማግስት ጀምሮ እስከ ሚሊኒየሙ መባቻ፣ ከሁለት ዓመት በላይ፣ በአገራችን አንድም የጽሑፍ መልእክት አልተላከም። ይህን የሚያስታውስ ሰው መንግሥት በሚቆጣጠረው መስመር ላይ ሙሉ እምነት ጣሉ ቢባል ቢያመነታ አይፈረድበትም። መልሱ አንዱን መስመር ጥሎ ሌላውን ማንጠልጠል ሳይሆን ሁለቱንም መያዝ ነው፤ ቴሌግራሙ ይቀጥል፣ ጽሑፉ ይጨመር።

ወጪውስ? ለሺዎች መልስ የሚሰጥ ሠራተኛ ከየት ይመጣል ለሚለው፣ አትላንታ የሚገኘው ጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2016 ያደረገውን ማየት ይበቃል። የተለመዱትን ጥያቄዎች ማሽን እንዲመልስ፣ የከበዱትን ለሠራተኛ እንዲያስተላልፍ አደረገ። በአንድ ክረምት ከ200 ሺህ በላይ መልሶች ተላኩ፤ ከነዚህ ሰው ያስፈለጋቸው እጅግ ጥቂት ነበሩ፤ ተቀባይነት አግኝተው ሳይመዘገቡ የሚቀሩትም በአንድ አምስተኛ ያህል ቀነሱ። የእኛ ተማሪዎች ጥያቄም ከዚህ ብዙ አይለይም፤ ቀኑ መቼ ነው፣ ምን ልያዝ፣ ካርዴ ቢጠፋስ። ሃያ የተዘጋጁ መልሶች ከመቶው ጥያቄ አብዛኛውን የሚሸፍኑ ይመስለኛል።

እኔን ይበልጥ የሚያሰጋኝ እምነት ነው። ዕጣ ወጥቶልዎታል የሚል፣ የሚስጥር ቁጥርዎን ይላኩ የሚል መልእክት በየቀኑ ይወርዳል፤ ያልተመዘገቡበት አገልግሎት ሂሳብ እየቆረጠ የተማረረው ሰው ብዙ ነው። በዚህ መካከል እውነተኛው የትምህርት ሚኒስቴር መልእክት እንዴት ይታመን? አንድ የታወቀ፣ ነጻና የማይለዋወጥ አጭር ቁጥር ያስፈልጋል፤ ያ ቁጥርም ገንዘብ ፈጽሞ እንደማይጠይቅ፣ የሚስጥር ቁጥር እንደማይጠይቅ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ይነገር። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ስለዚህ ለምዝገባ የተሰጠ ስልክ ለምርጫ ቅስቀሳም ሆነ ለንግድ እንዳይውል መከልከል ለሕጉ አዲስ ነገር አይደለም። በቤተሰብ ስልክ ለሚነበብ መልእክት ደግሞ የኬንያዎቹ ብልሃት ይበቃል፤ ምስጢሩን አትጻፍ፣ ሰውየውን ጠይቅ።

ስለዚህ ለሬጅስትራሮች፣ ለወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶችና ለምዘና አገልግሎቱ የማቀርበው ጥያቄ ትንሽ ነው። በመመዝገቢያ ቅጹ ላይ የተማሪውን ብቻ ሳይሆን የቤተሰቡንም ስልክ ጠይቁ። በመጪው የጥሪ ወቅት አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ አንድም ቢሆን፣ ለአዲስ ገቢዎቹ በፊደላችን አጭር መልእክት ይላክ፤ መልሱን የሚያነብ ሠራተኛ በስም ይመደብ፤ ያልመለሱትን ተማሪዎች ዝርዝርም ለየወረዳቸው ይስጥ። በዓመቱ መጨረሻ ስንት እንደመጡና ያልመጡት ለምን እንደቀሩ ለሕዝብ ያውጣ።